በጭስ ማውጫችን ላይ የተተከለው ማጉያ

የሽታ ነገር ሲነሳ ማዕድ ላይም ብሆን ተነሥቼ እወጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ ታካብዳለች» ይሉኛል፤ ይበሉ። በደርግ ጊዜ፣ ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አራስ ቤት ተኝቼ ያሸተትኩትን እነሱ አላሸተቱትም። እናንተም ይህን የምታነቡት ምሳ እየበላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሳችሁ ኑ።

ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ባሌ ታደሰ ቡና በሚገዛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ተዛውሮ ነው የመጣነው። እኔ ከማንም ጋር የማልጣላ፣ ቀበሌ ይፈልግሻል ሲሉኝ ነጠላዬን አንጠልጥዬ የምሮጥ፣ «እሺ» ከአፌ የማይጠፋ ሴት ነበርኩ። አሁን የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው በሳቅ ይሞታሉ።

ቀበሌው የሰጠን ቤት በጣልያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሠራ የእሳት ምድጃ አለው፤ ጭሱ በግንቡ ውስጥ ሽቅብ ሄዶ፣ ከጣሪያው በላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ በሚታይ የጭስ ማውጫ ይወጣል። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሀጂ አባ ዱራ የሚባሉ የጂማ ቡና ነጋዴ ናቸው። ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስባቸው ከአጥሩ ማዶ ባለችው ትንሿ ቤት ቀሩ። ከደጃቸው ቁጭ ብለው የራሳቸውን ቤት ሲያዩ ይውላሉ።

የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ነበረው። አጫጭር እግሮች አሉት፤ ዝናቡን ከላይ ይከለክላል፤ ጭሱ በጎንና በጎን ይወጣል፤ ወፍ እንዳይገባ ደግሞ ዙሪያውን ወንፊት ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሀጂ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ሰው አስወጥተው ያሳዩት፣ ዝገት በልቶት ከሆነም ያስቀይሩት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ጭስ ማውጫ ቆብ ይኑረው አይኑረው ልብ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽብሩ ሁለት ሰዎችና መሰላል አስከትሎ መጣ። እኔ እርጉዝ ነኝ፤ ሆዴ ከፊቴ ይቀድማል።

«ጓዲት፣ በቀበሌያችን ከዚህ ጭስ ማውጫ የሚበልጥ ከፍታ የለም። የድምፅ ማጉያውን እዚህ እንተክላለን። ሰፊው ሕዝብ መስማት አለበት» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። ሻይም አፍልቼ አጠጣኋቸው።

ሰዎቹ ቆቡን ነቅለው ወረወሩት። የማጉያውን ቋሚ የብረት ቱቦ በጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ ሰኩት። ቱቦው ሲወዛወዝባቸው ዙሪያውን የቡና ጆንያ ጠቀጠቁበትና ድንጋይ ጫኑበት። ይህን ጊዜ ሀጂ ከአጥሩ ማዶ ተነሡ።

«ማሎ፣ እባካችሁ ልጆቼ! ቆቡን ከነሳችሁት እኮ ዝናብ ይገባዋል፤ ወፍ ይገባዋል። የጭሱንም መንገድ ደፈናችሁት!»

ጓድ ሽብሩ ዞሮ እንኳ በደንብ አላያቸውም። «አንተ አድኃሪ፣ ቤቱ ያንተ መስሎሃል አሁንም? አፍህን ዝጋ!» አላቸው።

የአባቱን እኩያ «አንተ»! ሀጂ ገብተው መስኮታቸውን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የኑሯችን ነገር አይወራ። ገና ሳይነጋ ማርሽ ራሳችን ላይ ይጮሃል። ማርሹ ሲያበቃ ስብሰባ፣ ስብሰባው ሲያበቃ ዘመቻ። በመካከሉ ክረምት ገባ። የጂማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ አንዴ ከተቀደደ የሚሰፋው የለም።

እኔም በዚያው ዝናብ መሀል ሴት ልጅ ተገላገልኩ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ሊያርሱኝ ከሸዋ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ሥራ አይፈታም። ነገር ግን ብርድን እንደ ሰይጣን ነው የሚፈሩት። ገና በገቡ ቀን የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ፤ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ዘጉ። «አራስና ጨቅላ ያለበት ቤት ንፋስ የገባ እንደሆነ፣ ልጄ፣ ሁለት ሬሳ ነው የሚወጣው» ይላሉ።

ሽታው የጀመረው ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ የረጠበ ውሻ የሚሸት መሰለን። ቀጥሎ የበሰበሰ ሥጋ ሆነ። በምድጃው የጀርባ ግንብ ላይ ጥቁር ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጥፍር የሚያህል ላባ ይዞ ይወርዳል። አንድ ቀን አጥሚቴን ልጠጣ ስል ምድጃው ሥር ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትል ነው! ወፍራም፣ የሚንፈራገጥ ትል። አጥሚት እስከ ዛሬ ወደ አፌ አላዞርኩም።

እማማ ጥሩነሽ አጥበው፣ ጠርገው፣ አመድ ነስንሰው ሲያበቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይኼ የተፈጥሮ ሽታ አይምሰልሽ። ቤቱን የተወረሰው ሽማግሌ አንድ ነገር ቀብሮበታል። መተት ነው።»

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ! ሰውየው ይሰማሉ።»

«ይስማ! እኔ ምን አገባኝ? የልጅ ልጄ ገና ክርስትና አልተነሳችም!»

ታደሰ ነገሩ ከጭስ ማውጫው እንደሆነ ገብቶት ነበር። እሳት በምድጃው ልናነድ በሞከርን ቁጥር ጭሱ ተመልሶ ፊታችን ላይ ይመጣል። ሄዶ ጓድ ሽብሩን ጠየቀ። ጓድ ሽብሩም «የአብዮት በዓሉ እስኪያልፍ ማጉያው አይነካም። የነካው ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ታውቃለህ» አለው። ታደሰ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። «እንግዲህ እስከ በዓሉ እንታገሥ» አለን። ታገሥን።

እማማ ጥሩነሽ ግን ብርዱን የሚታገሡ ሰው አይደሉም። አንድ መላ ዘየዱ። በጂማ አገር ያረጀ ቡና ተነቅሎ ጉቶው ለማገዶ ይሸጣል። ይህን ጉቶ ከቤት ውጪ ባለው ማድቤት አንድደው፣ ጭሱን እዚያው ጨርሶ ፍም ብቻ ሲሆን፣ በብረት ድስት እየዛቁ አምጥተው በግድግዳው ምድጃ ውስጥ ይቆልሉታል። ቤቱ ይሞቃል፤ ጭስ የሚባል የለም። «አየሽ? ፍም ምን ጭስ አለው!» ይሉኛል ደስ ብሏቸው። የሕፃኗንም መኝታ ወደ ምድጃው አስጠጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ያመኛል። ያቅለሸልሸኛል። እማማም ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ነው የሚውሉት። ምች ነው አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። በዳማከሴና በዚያ ሽታ መሀል ተኝቼ መሞቴ ነው እል ነበር።

ያ የጉድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ማጉያው ይዘፍናል። እማማ አዲስ ፍም አምጥተው ከመሩና አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ ሽንት ቤት ልወጣ ተነሣሁ። አራስ ስትወጣ ብረት ይዛ ነውና ቢላዋ ሰጡኝ፤ ተከናነብኩና ወጣሁ። እንዳልወድቅ በሩን ይዤ ነው የወጣሁት።

ደጅ ትንሽ እንደቆየሁ አንድ ነገር ገረመኝ። ራሴ ቀለለኝ። ማቅለሽለሹም ተወኝ። ዝናብ እየመታኝ፣ ብርድ እየገባኝ፣ ተሻለኝ! «ምች የያዘው ሰው ብርድ ላይ ይሻለዋል እንዴ?» ብዬ አሰብኩ። ይህን እያሰብኩ ተመለስኩና በሩን ከፈትኩት።

እማማ ጥሩነሽ ከዱካው ወርደው መሬት ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። የተኙ መስሎኝ «እማማ» አልኩ። ዓይናቸው ግማሽ ገርበብ ብሏል፤ ከአፋቸው ትውኪያ ወጥቶ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ቢላዋውን ጣልኩና ወደ ልጄ ሮጥኩ። አነሣኋት። አንገቷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። እጇን ብጨብጠው አይጨብጠኝም። ጡቴን አፏ ውስጥ ብከተው አፏ አይንቀሳቀስም።

«እማማ! ልጄን! ኧረ ልጄን!»

ጩኸቴን ማን ይስማው? ከራሳችን በላይ ያ የተረገመ ማጉያ ያናፋል።

ወዲያው ራሴ እንደገና መዞር ጀመረ። ይህን ጊዜ ገባኝ። ቤቱ ነው። አየሩ ነው። ልጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ በሩ ዞርኩ። አንድ እጅ ቀሚሴን ያዘኝ። እማማ ናቸው፤ ከወደቁበት እጃቸውን ዘርግተው።

«ወዴት… ብርድ… ብርድ ይገልብኛል ልጅቷን… ክርስትና ያልተነሳች…»

«ይልቀቁኝ!»

«አታውጫት…»

እናንተ፣ በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እጃቸውን ከቀሚሴ ላይ መንጭቄ ወረወርኩት። ልጄን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ነጠላውን ገልጬ ፊቷን ለሰማዩ ሰጠሁት። ዝናቡ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ አፏን ይመታዋል፤ እሷ ዝም። ደረቷን አሻሸሁ፤ እግሯን መታሁ፤ እፍ አልኩባት። እመቤቴን ጠራሁ። የምሰድበውንም ሁሉ ሰደብኩ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሀጂ አባ ዱራ አጥሩን ጥሰው መጡ። ገና እንዳዩን «ሌላ ሰው አለ ውስጥ?» ብቻ አሉኝ። «እማማ» አልኩ። በኩታቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ገቡና አማቴን በብብታቸው ይዘው እየጎተቱ አወጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ኮቱ፣ ኮቱ! ነዪ ወደ ንፋሱ! ከግንቡ ራቂ! ያ አላህ!»

ልጄም አንዴ ተንሰቀሰቀች። ቀጥሎ አስነጠሳት። ቀጥሎ ያን የመሰለ ለቅሶ! ከማጉያው በላይ ጮኸች። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩና አብሬያት አለቀስኩ። እማማም ያስመልሳቸዋል፤ ቢሆንም ተርፈዋል።

ሀጂ ቀና ብለው ጭስ ማውጫውን ተመለከቱ። ጺማቸው ላይ ዝናብ ይወርዳል። «አውቄ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ፍም ስታስገቡ በየቀኑ አይ ነበር። እዚያ ላይ ጭስ አለመውጣቱንም አይ ነበር። አንዴ ተናግሬ ተሰደብኩ፤ ካሁን በኋላ የራሳቸው ጉዳይ ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጄን ያዳነ ሰው ነው፤ ደግሞ ልጄ ስትታፈን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው።

ታደሰ ሰው ነግሮት እየሮጠ መጣ። ልጁን አቀፈ፤ እናቱን አቀፈ፤ አለቀሰ። እኔ «ውጣና ያን ነገር ንቀልልኝ» አልኩት።

ቀና አለ። ማጉያው ይዘፍናል። «እሺ… ሄጄ ፈቃድ ልጠይቅና…» አለኝ።

ፈቃድ! ልጁ እጁ ላይ እየተንሰቀሰቀች ፈቃድ! ቀፈፈኝ። እውነቴን ነው፤ ከትሉ በላይ የቀፈፈኝ ያ ቃል ነው። ልጄን ከእጁ ወስጄ ለሀጂ ሰጠሁና የማጉያው ተካዮች ትተውት የሄዱትን መሰላል ከማድቤቱ ጎን እየጎተትኩ አምጥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ስቋጥር ታደሰ ደነገጠ። ምን ያድርግ፣ አራስ ሚስቱ ጣሪያ ስትወጣ ቆሞ ሊያይ ነው? ቀድሞኝ ወጣ።

ቱቦውን ሲነቅለው ማጉያው ዘፈኑን መሀል ላይ ቆርጦ እዳሪ ተወረወረ። ውስጥ የወረደው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ጆንያው ወረደ፤ ጆንያ ልበለው እንጂ ጥቁር አተላ ነው። ርግቦች በጆንያው ክፍተት ሾልከው የሠሩት ጎጆ ከነእንቁላሉ፣ ላባቸው ከሥጋቸው የተላቀቀ፣ ሆዳቸው በትል የሚፈላ ርግቦች፣ የሌሊት ወፍ ኩስ እንቅብ ሙሉ፣ በመጨረሻም በዚህ ሁሉ የበሰበሰ ውሃ። የጋለው ፍም ላይ ሲያርፍ ያ ሁሉ ጉድ ቸስ ብሎ ተጠበሰ። የልጄ መኝታ ላይ ተረጨ። ልጄ የተኛችበት ትራስ ላይ ትል ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጓድ ሽብሩ ማጉያው ዝም ሲል ጊዜ ከች አለ። በሩ ላይ የተዘረሩትን አማቴን ተራምዶ አለፈና ማጉያውን አነሣ። አገላበጠው። «ተሰንጥቋል!» አለ። ስለ ሕፃኗ አልጠየቀም። «ይህ የሕዝብ ንብረት ማውደም ነው። ነገ ስብሰባ ላይ ትቀርባላችሁ» ብሎ ማጉያውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ።

ታደሰ ምድጃውን ሊጠርግ ሲል «አትድፋው» አልኩት። ከዚያ ጉድ ውስጥ አንድ ሳፋ ሙሉ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ አራስነቴን ትቼ፣ ሳፋውን በጨርቅ ሸፍኜ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። ታደሰ ከኋላዬ «ኧረ በናትሽ፣ ታሰሪያለሽ» እያለ ይለምነኛል። አዳራሹ ሙሉ ነው። ጓድ ሽብሩ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ሳፋውን ሲያይ ፈገግ አለ።

«አራሷ ገንፎ ይዛልን መጣች እንዴ?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

«አዎ፣ ለእርስዎ ነው» አልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ገለጥኩት።

ሽታው አዳራሹን እስኪሞላው ጊዜ አልፈጀም። የፊተኛው ወንበር ሰው እየተጋፋ ተነሣ። ጓድ ሽብሩ አፉን ይዞ ወደ ኋላ ሲሸሽ ወንበሩ ተገለበጠ። «አውጪው! አውጪው ከዚህ!» ይላል።

«ምነው ጓድ? ልጄ እኮ ይህን እያሸተተች ነው ያደገችው። ማጉያዎን ያቆሙት በዚህ ላይ ነው። ትናንት እሷና አያቷ ሊሞቱ ነበር፤ እርስዎ ያነሡት ግን ማጉያውን ነው» አልኩት። ሳፋውን ወደሱ ገፋ አደረግኩት። «አሁን ክሱን ያንብቡ! እኔ አልወጣም፤ ይህም አይወጣም።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እውነቷን ነው!» አለች። ሌላዋ ቀጠለች። አስፈራርቷቸው የኖረ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲንደፋደፍ ሲያዩት ሴቶቹ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው መሰለኝ። ክሱ ሳይነበብ ስብሰባው ተበተነ። ማጉያውም በዚያው ሳምንት በቀበሌው ግቢ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፤ «በቴክኒክ ምክንያት» ተባለ እንጂ ይቅርታ የለም። የቤታችንን ቆብ ስፈልግ ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ አገኘሁት፤ ገልብጠውት የዘበኛው ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል። ኩሱን ጠርጌ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያቺ «እሺ» ባይ ልጅ ያን ቀን ሞተች፤ ነፍሷን ይማር። ለእናንተ የምለው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጂማም፣ ሰርቦም፣ የትም ሰው ግንብ ቤት ሲሠራ ለማማር ብሎ ጭስ ማውጫ ያቆማል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ቆቡ ዝጎ ይወድቃል፤ ሽቦውን ንፋስ ይቀደዋል፤ ወፍ ትገባለች። እናንተ ታች ሆናችሁ አየር ማጽጃ ትረጫላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ክረምት ሳይገባ ሰው አስወጡና አሳዩት፤ የተበላውን ቀይሩት። ጭስ ማውጫው መተንፈሱን ሳታውቁም እሳትም ሆነ ፍም አታስገቡ። ጭስ የሌለው ነገር አይገድልም ያላችሁን አትመኑ። ቤቱ የኪራይ ነው፣ የመንግሥት ነው፣ የእገሌ ነው አትበሉ። የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ።

ልጄ ክርስትና የተነሣች ቀን ሀጂን ጠራናቸው። ዳቦ ተቆርሶ ሻይ ሲጠጣ እማማ ጥሩነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ቃጡ። «ሀጂ፣ መተት አድርገዋል ብዬ አምቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው።

ሀጂ ትከሻቸውን ይዘው አነሧቸው። «እኔስ? አይቼ ዝም ያልኩት? ከሁለታችን ማን ይብሳል?» አሉ። ተቃቀፉ፤ ተላቀሱ። ታደሰ አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል።

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅር አልሽን?»

ልጄን ታቅፌ ሦስቱንም አየኋቸው። እወዳቸዋለሁ። የሀጂ ዝምታ፣ የታደሰ «ፈቃድ»፣ የእማማ «አታውጫት» ግን አልተረሳኝም።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ሀጂ? የታፈነችው እሷ ናት። ስታድግ ይጠይቋት» አልኳቸው።

አደገች፤ ተድራም ወለደች። ሀጂም፣ እማማም፣ ታደሰም ሳይጠይቋት አለፉ። እኔም ነገሩን ነግሬያት አላውቅም። ይህን ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ታውቀዋለች፤ መልሱም የሷ ነው።